ቁጥር የጠየቀኝ መነኩሴ

በ2014 ዓ.ም ነው፤ ግንቦት ላይ። ያን ጊዜ ስድሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ነገሩ የማይረሳኝ የጠፋብኝ ነገር ስላለ አይደለም፤ ምንም አልጠፋብኝም። የማይረሳኝ በምን እንደተረፍሁ ስለማውቅ ነው። ሰው ሲያወራው ግን ሌላ ያደርገዋል። "አያ ታከለ ሌባውን ነቃበት" ይላሉ። አልነቃሁበትም። እንደነበረው ልንገራችሁ።

የምኖረው ከአማኑኤል ከተማ በእግር የአንድ ሰዓት መንገድ ርቄ ነው። ሁለት በሬዎች ነበሩኝ። አንደኛው አርጅቶ ማረስ ስላቃተው ሚያዝያ ላይ ገበያ አውጥቼ ሸጥሁት። ደብረ ማርቆስ ያለው ልጄ ቤት አታስቀምጥ እያለ ስለነዘነዘኝ ብሩን ባንክ አስገባሁት። የስንዴ ዋጋ ጨምሬበት፣ ሰኔ ሳይገባ ወይፈን ልገዛበት ነበር። ያ ብር ቢጠፋ ሌላ መግዣ የለኝም። በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። መሬቴን ለእኩል አራሽ ሰጥቼ፣ የሰው ጅራፍ ሲጮህ እያዳመጥሁ ደጅ መቀመጥ ነው። እስከዚያ ዕድሜዬ መሬቴን ለሰው ሰጥቼ አላውቅም።

ባንክ ቤት ያለችው ልጅ ስልኬ ላይ የባንኩን ነገር ስትከፍትልኝ፣ አራት ቁጥር ያለው የሚስጥር ቁጥር ይምረጡ፣ የማይረሳዎት ይሁን፣ ለማንም እንዳይናገሩ አለችኝ። የማይረሳኝ ምን አለ? በወር በወሩ በአሥራ ሁለት ሚካኤልን እዘክራለሁ። በሃያ ሰባት ደግሞ የመድኃኔዓለም ማኅበር አለን። አሥራ ሁለት ሃያ ሰባት ብዬ ነካሁት። ለሚስቴም አልነገርሁም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደጅ ተቀምጬ ሞፈር ስጠርብ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው። አነሳሁት። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ እንደምን ዋሉ አባቴ ብሎ እኔን፣ ቤቴን፣ ከብቴን ባረከልኝ። ከገዳም ነው የምደውለው አለና የገዳሙን ስም ጠራ። በጸሎት የሚታሰቡ ሰዎችን ስም እየመዘገቡ እንደሆነ፣ የእኔን ስልክ የሰጣቸውም የአገሬ ሰው እንደሆነ ነገረኝ።

አሁን ብር ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልጠየቀኝም። እንዲያውም ብር እንዳይልኩ፣ እኛ የምንፈልገው ስምዎን ብቻ ነው አለኝ። ያመንሁት በዚህ ነው።

የክርስትና ስሜን ጠየቀኝ፤ ነገርሁት። በወር የትኞቹን ቀኖች እንደማከብር ጠየቀኝ፤ እሱንም ነገርሁት። ሚካኤልንም መድኃኔዓለምንም። ደስ እያለኝ ነው የነገርሁት። ማኅበሩን ከአባቴ እንደወረስሁ ሁሉ ሳልጠየቅ ጨመርሁለት።

ከዚያ በኋላ፣ ስልክዎ ላይ ቁጥር ይመጣልዎታልና ያንብቡልኝ፣ መዝገብ ላይ የሚገቡት በዚያ ቁጥር ነው አለኝ። ወዲያው መልእክት ገባ። እኔ ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ደቃቅ ጽሑፍ ቶሎ አይገባኝም፤ ቁጥር ግን አነባለሁ። ስድስት ቁጥር ነው። ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር።

ግን ነገሩ አልጣመኝም። ሌባ ነው ብዬ አይደለም። ስሜን ካስጻፍሁ በኋላ ስሜ ቀርቶ በቁጥር መጠራቴ ነው ያልጣመኝ።

"አባ፣ ስሜን ነግሬዎታለሁ። በስሜ ይጻፉኝ" አልሁት።

"ለመዝገቡ ያህል ነው አባቴ።"

ግብር ስከፍል ቁጥር ይሰጡኛል፣ ማዳበሪያ ስወስድ ቁጥር ይሰጡኛል፤ ለጸሎትም በቁጥር ከተጠራሁ ክርስትና መነሳቴ ምን ሊሆነኝ ነው አልሁት። እሱ በትዕግሥት መለሰልኝ። እኔም መለስሁለት። ሁለተኛ መልእክት ገባ። አሁንስ ይንገሩኝ፣ ጊዜው ያልፋል አለኝ።

"ጸሎት ደግሞ ጊዜው ያልፋል?" አልሁት።

ይተነፍሳል፤ ይሰማኛል። እኔ እንደሆነ ሙግት ጀምሬ መሐል ላይ አልተውም፤ ሚስቴን የምታውቁ ጠይቋት። ሦስተኛው መልእክት ሲገባ ደግሞ፣ ይህ ነገር በየትኛው መጽሐፍ እንዳለ ያሳዩኝ እያልሁ ነበር።

"አንተ ደረቅ ሽማግሌ፣ ቁጥሩን ተናገርና ገደል ግባ" አለኝ። ያ ለስላሳ ድምፅ የለም። ይህን ብሎ ዘጋው።

ያን ጊዜም አልገባኝም። እኔ የተናደድሁት መነኩሴ ሰደበኝ ብዬ ነው። ጋቢዬን ደርቤ የነፍስ አባቴ መምሬ ልሳነወርቅ ዘንድ ሄድሁ፤ ልከስ ነው የሄድሁት። በዕድሜ እበልጣቸዋለሁ፤ ቢሆንም የማልነግራቸው ነገር የለም። አጥራቸውን ሲያጥሩ አገኘኋቸውና፣ ለመሆኑ እናንተ ዘንድ ሥርዓት የሚባል ቀርቷል ወይ ብዬ ጀመርሁ።

እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ ስልኬን ተቀብለው ከፀሐዩ ከልለው አነበቡት።

"አያ ታከለ፣ ይህ ከባንክ የመጣ ነው። ይህን ቁጥር ለማንም አይስጡ ይላል። ሦስቱም የሚሉት ይህንኑ ነው።"

ሰውየው መነኩሴ እንዳልሆነ፣ የእኔን ባንክ በራሱ ስልክ ላይ ሊከፍት ሲሞክር ያ ቁጥር እንደመጣልኝ አስረዱኝ። ቁጥሩን ብነግረው በሩን ከፈትሁለት ማለት ነው። ብሩን ለመውሰድ የሚቀረው የሚስጥር ቁጥሬ ብቻ ነው። እሱንማ አልነገርሁትም አልኋቸው።

"ታዲያ ምን ምን ነገሩት?"

የክርስትና ስሜን አልሁ። የማከብራቸውን ቀኖችም አልሁ።

መምሬ ስልኬን መለሱልኝ። "የሚስጥር ቁጥርዎን አልጠይቅዎትም። ከእነዚህ ቀኖች ነው ወይ?"

አጥሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ወይፈኑ ታየኝ፤ መሬቴ ላይ የሚያርሰው ሰውም ታየኝ። መምሬም አጠገቤ ተቀመጡና፣ "እኔንም ቀኖቼን ቢጠይቀኝ ቁጥሬን ያገኘው ነበር" አሉ።

ሰዓቱ አልፎ ባንኩ ተዘግቷል። በዚያው ምሽት ስልኬ ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ አላነሳሁትም።

እንግዲህ ሰው ነቃ የሚለኝ ይህን ነው። ትንሽ ቢያቆላምጠኝ፣ መዝገቡ ድሮም እንዲህ ነው ቢለኝ ኖሮ ቁጥሩን አንድ በአንድ አነብለት ነበር። የተረፍሁት ሙግት ስለምወድ ነው። ዛሬ ሰውየው አያናድደኝም። የሚያሳፍረኝ እነዚያን ቀኖች ስነግረው ደስ ማለቴ ነው። አሁን የባንክ ሰው ነኝ ቢል፣ መነኩሴ ነኝ ቢል፣ ዘመድህ ነኝ ቢል፣ በስልክ ደውሎ ቁጥር ለሚጠይቀኝ እዘጋበታለሁ። የምጠይቀው ነገር ካለኝ በእግሬ ሄጄ እጠይቃለሁ። የሚስጥር ቁጥራችሁን ሰው በሚያውቀው ቀን ያደረጋችሁ እናንተም ዛሬውኑ ለውጡት።

ሰውየው በደወለ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተነስቼ አማኑኤል ሄድሁ። ባንኩ ገና አልተከፈተም። በሩ ላይ ጥላ የያዘ ሰው ቆሟል፤ መምሬ ልሳነወርቅ ናቸው፤ ቀድመውኛል። ለምን መጡ አላልኋቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም።

ሲከፈት አብረን ገባን። ልጅቷ አየችልኝና ብሩ እንዳለ ነው አለችኝ። አዲስ ቁጥር ይምረጡ ብላ ስልኬን ሰጠችኝ። ብዙ አሰብሁ። ከአንድ እስከ ሠላሳ ታቦት የሌለው ቀን የለም፤ ያነሳሁት ቁጥር ሁሉ ባለቤት አለው። በመጨረሻ አንድ መጣልኝ። ልነካው ስል መምሬ በትከሻዬ ላይ አጎንብሰው ያያሉ።

"መምሬ፣ ይህ ኑዛዜ አይደለም። ፊትዎን ያዙሩልኝ" አልኋቸው።

ዞሩ። ልጅቷም ዞረች። ቁጥሩን ነካሁት።