ሰላሳኛው ገጽ ላይ የተኛችው

በሥነ ጥበብ ሙዚየሙ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። አናቱ ላይ «አዲስ የገቡ» ይላል፤ ከሥሩ አዳዲሶቹ መጻሕፍት በጠመኔ ይጻፉበታል። የእጅ ጽሑፉ የጋሽ ማህተም ነው። እናት አባቱ ያወጡለት ስም ከተረሳ ቆይቷል፤ ዕድሜውን ሙሉ ማህተም ሲመታ ኖሮ ራሱ ማህተም ሆኖ ቀረ።

እንደሱ በሥራው የሚደሰት ሰው ማግኘት ዘበት ነው! አዲስ መጽሐፍ ሲመጣ ያሸተዋል፣ ይዳብሰዋል፣ ከዚያ ሐምራዊውን ማህተም ሦስት ቦታ ያሳርፍበታል፤ የፊተኛው ገጽ ላይ፣ የመጨረሻው ላይ፣ እና ሰላሳኛው ላይ። ሰላሳኛው ለሌባ ነው። ሌባ የፊትና የኋላውን ገንጥሎ ይጥል ይሆናል፤ የመሃሉን ግን ማን ይነግረዋል?

ሚስቱ ታዲያ፣ «እኔን የቱ ጋ ነው የመታኸኝ? ይኸው ከዚህ ቤት መውጫ አጣሁ!» እያለች ታስቀዋለች።

አንድ ጠዋት የአንድ ሟች ሠዓሊ ባለቤት መጡ። ሠዓሊው በገዛ እጁ የጠረዘውን የንድፍ ጥራዝ እንደ ሕፃን አቅፈውታል። ሙዚየሙ ለአንድ ሳምንት በመስታወት ሣጥን አድርጎ ሊያሳየው ከእሳቸው ተውሶት ነው እንጂ ሰጥተውት አይደለም። ገለጡና ለጋሽ ማህተም አንዱን ሥዕል አሳዩት፤ የተኛች ሕፃን፣ አንድ እጇን ጉንጯ ሥር ያደረገች።

«ልጄ ናት። ፎቶ እንኳ ሳናነሳት አመለጠችን። አባቷ አልጋዋ ጎን ቁጭ ብሎ የሳላት ይህችው ናት የቀረችኝ። አደራህን፣ ወንድሜ።»

«ከዓይኔ ብሌን አስበልጬ ነው የምጠብቃት፣ እትዬ» አላቸው።

የሣጥኑ ቁልፍ እስኪመጣ ጥራዙን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ከጎኑ ገና ያልተመቱ መጻሕፍት ተቆልለዋል። መዝጋቢዋ ልጅ ወሬ ይዛ መጣች፤ የኃላፊያቸው አዲስ ጫማ በየኮሪደሩ ይጮሃል አሉ።

«ጫማዋ ከሷ ቀድሞ ቢሮ ይገባል በይኛ!» አለ ጋሽ ማህተም። ሳቁ፣ ተንከተከቱ። እጁ ደግሞ መች ሥራ ይፈታል? ይገልጣል፣ ይመታል፣ ይገልጣል፣ ይመታል።

«ጋሽ ማህተም! እሱ የኛ አይደለም!»

ዝቅ ብሎ አየ። ሰላሳኛው ገጽ ነው፤ ሐምራዊው ክብ የሕፃኗ ጉንጭ ላይ አርፏል።

ክው አለ። በእጅጌው ሊያብሰው ሲል መዝጋቢዋ ክንዱን ለቀም አደረገችው። መጻሕፍት ጠጋኟ ከምድር ቤት ተጠራች፤ ገጹን ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችና ራሷን ነቀነቀች።

«ቀለሙን ወረቀቱ ጠጥቶታል። ልናስለቅቅ ብንሞክር ቀድሞ የሚጠፋው እርሳሱ ነው። ልጅቷ ናት የምትጠፋው።»

ሴትዮዋ ተጠርተው መጡ። ጋሽ ማህተም ቆሞ ነገራቸው። «እጄን ይቁረጠው፣ እትዬ።» አልጮኹበትም። ቢጮኹበት፣ በጥፊ ቢሉት በወደደ! ጥራዙን ከደኑ፣ አቀፉና ወደ በሩ ሄዱ።

ዘበኛው እንደ ልማዱ ገለጥ አድርጎ አየና መንገዱን ዘጋ። ማህተም ያረፈበት ነገር የስረዛ ማህተም ሳይመታበት አይወጣም፤ ስረዛው ደግሞ እዚያው በማህተሙ ላይ ነው የሚመታው። ኃላፊዋ መጣች፣ ጫማዋ ቀድሟት። የሳቀ ግን አልነበረም።

«በጣም አዝናለሁ፣ እትዬ። ዛሬ አንዱን እንዲሁ ካሳለፍን ነገ ዘበኛው ማንን ያስቆማል? አሁኑኑ ተሰርዞልዎት ይዘውት ይሂዱ።» የስረዛውን ማህተም ለጋሽ ማህተም አቀበለችው። ጥቁር፣ ሰፊ፣ ሁለት የተጠላለፉ ወፋፍራም መስመሮች ያሉት ነው።

«ፊቷ ላይ?» አሉ ሴትዮዋ።

ኃላፊዋ የቀለሙን ቆርቆሮ ከፍታ ለጋሽ ማህተም አቀረበችለት።

«እኔ አልመታም» አለ ጋሽ ማህተም። ማህተሙን መልሶ ለኃላፊዋ ዘረጋላት። «ከፈለጋችሁ አባሩኝ። አልመታም!»

«ተወው» አሉ ሴትዮዋ። «ልጄ ሁለቴ አትመታም። እዚሁ ትተኛ።» ጥራዙን ዘበኛው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ባዶ እጃቸውን ወጡ።

በማግስቱ ጋሽ ማህተም እንደታዘዘው ሰሌዳው ላይ ጻፈ፤ «አንድ የንድፍ ጥራዝ፣ ስጦታ»። ጠመኔው እጁ ላይ ተሰበረበት። ዞር ሲል ሴትዮዋ ከኋላው ቆመዋል።

«ስጦታ?» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ መቼ ሰጠኋችሁ?»

በመዳፉ ጠረገው። አንዴ ብቻ፤ ቃሉ ድራሹ ጠፋ። መዳፉ ላይ የቀረውን ነጭ ብናኝ ሲያይ እንባው ገንፍሎ መጣ፤ እንዲህ በአንድ ጠረጋ የሚለቅ ነገርም አለ ለካ።

ሴትዮዋ በጎኑ አልፈው ገቡና ጥራዙ ከተቀመጠበት የመስታወት ሣጥን አጠገብ ወንበር ስበው ተቀመጡ።