ካውያ ሲሰካ የሚወርደው ብሬከር

ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ ቆይ» ነው የሚላት። ኤሌክትሪክ ተበላሸ ተብላ በተጠራችበት ቤት ባለቤቱ «ይኼን ቀይሪው፣ ያንን ንቀይው» እያለ ሲያጣድፋት፣ ካቻቢቴዋን እንኳ ከኪሷ ሳታወጣ «ቆይ» ትላለች። በዚህ የሚበሳጭ አለ። የተበሳጨውም ግን ዞሮ ዞሮ የሚደውለው ለእሷው ነው።

ቤት ለቤት መሥራት ከመጀመሯ በፊት አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ የክር ፋብሪካ ጥገና ክፍል ውስጥ ነበረች፤ ከወንዶቹ መሀል ብቸኛዋ ሴት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት አለቃዋ አምፖል ከማስቀየር በቀር ምንም አላስነካትም። እሷም አልተከራከረችም። መሰላል ላይ ሆና የሌሎቹን ሥራ ቁልቁል እያየች ተማረች። በሦስተኛው ዓመት አንድ ባልደረባዋን ማሽን ላይ ኤሌክትሪክ ያዘው። ሰው እንዳይያዝ የሚጠብቀው ብሬከር «በየጊዜው እየወረደ ሥራ አስፈታን» ተብሎ ከመስመር ወጥቶ ኖሯል። ሰውየው ነፍሱ ተረፈች፤ የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ግን እንደታጠፉ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ማንም ቢለምናት እንዲህ ያለውን ብሬከር ዘልላ ሽቦ አትቀጥልም።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የጠሯት ጡረታ የወጡ አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ልጃቸው የረጅም መንገድ ሾፌር ስለሆነ አብዛኛውን ቀን ቤት ውስጥ ያሉት እሳቸውና አዲሷ ምራታቸው ብቻ ናቸው። ምራቲቱ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ጠዋት ጠዋት ነጭ ጋዋኗን ልትተኩስ ካውያ ስትሰካ ብሬከሩ ይወርድና ቤቱ በሙሉ ይጠፋል።

«ይህቺ ልጅ ከመጣች አራት ወሯ ነው» አሉ አማትየዋ፣ እንግዳዋን ወደ ሳሎን እያስገቡ። «ብሬከሩም መውረድ ከጀመረ አራት ወሩ ነው። እኔ ምንም አላልኩም።»

አለማለታቸውን ግን ቤቱ ሁሉ ሰምቶታል። ምራቲቱ ካውያዋን ይዛ ጎረቤት ቤት መሄድ ጀምራለች።

«ሁለት ሠራተኛ መጥቶ ሁለት ጊዜ ብሬከሩን ቀየረው። ሁለተኛው ‹ከነአካቴው ላውጣው› ብሎኝ ነበር። አንቺም ያንኑ አድርጊና እንገላገል።»

«ቆይ እማማ፣ እሱንስ አላደርገውም። መቼ መቼ ነው የሚወርደው?»

እሳቸው የጠበቁትም ይህንን ጥያቄ ነበር። የሥራ ልማዳቸው አልለቀቃቸውምና ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተሰካውን ዕቃ በደብተር ይዘውት ነበር። ማስረጃ ይሆነኛል ብለው እንደጻፉት ያስታውቃል። እትዬ ቆይ መነጽሯን አድርጋ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበበች። ጽሕፈቱ ቆንጆ ነው፤ ሐሰትም የለበትም። «ሐሙስ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ የውሃ ማሞቂያ፣ እሷ ሥራ ላይ» የሚል መስመር አገኘች። እንዲህ ያለ ሌላ አምስት አለ። አማትየዋ ጻፉት እንጂ መልሰው አላነበቡትም።

«ካውያው የሚሰካው መኝታ ቤት ነው፣ ማሞቂያው ያለው መታጠቢያ ቤት» አለች። «መስመራቸው የተለያየ ነው። አንድ የሚያደርጋቸው ብዙ ኃይል መሳባቸው ብቻ ነው። ይህ ብሬከር የሄደውንና የተመለሰውን ኃይል ያመዛዝናል። ከሚመለሰው ላይ ከጎደለ፣ ሰው ይዞ እንዳይሆን ብሎ ይዘጋል። እንግዲህ የሚመለሰው አንድ ቦታ ላይ እየሾለከ ነው።»

«እነዚያኞቹም ትንንሾቹን ብሬከሮች አንድ በአንድ እያጠፉ ሞክረው ነበር» አለች ምራቲቱ፣ በር ላይ እንደቆመች።

«ትንንሾቹ የሚቆርጡት የሚሄደውን ሽቦ ነው፤ የሚመለሰውን አይነኩትም።»

ዋናውን ብሬከር አጠፋች። የመመለሻ ሽቦዎቹን ከሳጥኑ ውስጥ እየፈታች እያንዳንዱን ከግራውንዱ፣ ከመሬት ሽቦው ጋር በመሣሪያዋ ለካች። መኝታ ቤት ደህና። ኩሽና ደህና። መታጠቢያ ቤት ደህና። የሳሎኑ ላይ ስትደርስ ቁጥሩ ዜሮ አጠገብ ወረደ፤ ሁለቱ ሽቦዎች አንድ ቦታ ላይ ተነካክተዋል ማለት ነው። ቴሌቪዥኑንም የቁም መብራቱንም ነቀለች፤ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። እንግዲያው ጉዳቱ ግድግዳው ውስጥ ነው። ሶኬቱን ፈታ ብታይ ሽቦው ቀጥ ብሎ በመውጣት ፈንታ ሰያፍ ተጎትቷል። በዓይኗ ተከትላ ወደ ላይ ስትሄድ ትልቁ የሠርግ ፎቶግራፍ ላይ ደረሰች። ፎቶውን በቀስታ አውርዳ ሶፋው ላይ አስደገፈችው። ሚስማሩን በፒንሳ ስትስበው ቁጥሩ ሽቅብ ተተኮሰ።

አማትየዋ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ፊታቸውን አይታ ማን እንደመታው አልጠየቀችም።

«የዚህ ቤት ሽቦ ዘርጊ መንገድ ሊያሳጥር ብሎ ሰያፍ ጎትቶታል» አለች። «ሽቦ ይኖራል ተብሎ በማይጠበቅበት ቦታ ላይ ነው ያስቀመጠው። ሚስማር የመታ ሰው ሊያውቅ አይችልም።»

የተጎዳውን ሽቦ ስባ አውጥታ በአዲስ ተካችው፤ እንደገና ለካች፤ የፈታችውን ሁሉ መልሳ አሰረች። ከዚያ ካውያውም ማሞቂያውም ኩሽና ያለውም ምድጃ ባንድ ላይ ተከፈቱ። ብሬከሩ አልወረደም። ሦስቱ ሴቶች ሳጥኑ ሥር ቆመው ሙሉ አምስት ደቂቃ ጠበቁ።

«ሚስማሩን የመታሁት እኔ ነኝ» አሉ አማትየዋ፣ ወደ ምራታቸው ሳይዞሩ። «በመጣሽ ሰሞን፣ ከሥራ ስትመለሺ ደስ እንዲልሽ ብዬ ነበር።»

«ደስ ብሎኝ ነበር እኮ፣ እማማ።»

አሮጊቷ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ የልጅቷንም ክንድ ያዝ አደረጉ።

ምራቲቱ ዕቃዋን ተሸክማላት እስከ ውጭ በር ሸኘቻት።

«እኔ እንዳልሆንኩ ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር?»

«አላውቅም ነበር። የአንቺ ካውያ ቢሆን ኖሮም እነግርሽ ነበር» አለች እትዬ ቆይ። ቦርሳዋን ተቀብላ መንገዱን ተሻገረች። የውሃ ፓምፕ የቆመበት ሰው ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ ደውሎላት ነበር።