በረዶ የጠጣው ቦገንቪላ

አጎቴ በየማለዳው፣ ፊታቸውን እንኳ ሳይታጠቡ፣ ወደ ደጃፉ ወጥተው የእጃቸውን ጀርባ በቦገንቪላው ቅጠል ላይ ያሳርፋሉ። እናት የታመመ ልጇን ግንባር እንደምትዳስሰው ነው። ከዚያ ፍርዳቸውን ይሰጣሉ፤ «ዛሬም ትኩሳት አለው።»

በከተማችን ትኩሳት የሌለው ነገር የለም። የበር እጀታ በጨርቅ ካልያዙት ያቃጥላል። ልብስ አጥበን ስናሰጣ የመጨረሻውን ሳንሰቅል የመጀመሪያው ደርቆ ይጠብቀናል። ነፋሱም ቢሆን አሸዋ አዝሎ የሚመጣ ነው። ጋሼ (አጎቴን የምጠራቸው እንዲህ ነው) ሙቀትን የሚያዩት እንደ ግል ጠላታቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፍሪጅ ሲጠግኑ ኖረዋል፤ ሰፈሩም በስማቸው ጠርቷቸው አያውቅም፤ «በረዶ» ነው የሚላቸው። የቤታችን የፊት ክፍል ወርክሾፓቸው ነው። በር የሌለው ፍሪጅ አለ፣ ፍሪጅ የሌለው በር አለ፤ ወደ ጓዳ ለመግባት በመካከላቸው ሆድን አጥብቦ ማለፍ ግድ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ሲያምረን ግን ከጎረቤት እንለምናለን።

«ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይባላል» ይላሉ ጋሼ፣ «እኔ ደግሞ ገሉንም ለደንበኛ ሸጬዋለሁ።»

እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ግጥም ተምሬ፣ ሥራ እስካገኝ ብዬ እነሱ ቤት የመጣሁ የእህታቸው ልጅ ነኝ። እስካሁን ያገኘሁት ሥራ የፍሪጅ መደርደሪያ ማጠብ ነው። ጋሼ ለደንበኞቻቸው ሲያስተዋውቁኝ፣ «ይቺ ገጣሚ ናት፤ ጋዝ የጨረሰ ፍሪጅ ካላችሁ ታለቅስላችኋለች» ይላሉ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ማጠቤን እቀጥላለሁ።

ቦገንቪላውን የተከሉት ለሚስታቸው ለእትዬ ነው። እትዬ የደጋ ልጅ ናቸው፤ ያደጉበት ቤት አጥሩ በአበባ የተሸፈነ ነበር። ጋሼ ሊያገቧቸው ሲጠይቁ፣ «ሙቀቱን ቻዪልኝ እንጂ ደጃፍሽን አበባ በአበባ አደርግልሻለሁ» ብለው ቃል ገቡ። ከዚያ ወዲህ ያልተተከለ የለም፤ የጸደቀም የለም። «በእኔ እጅ የሚያብበው ዝገት ብቻ ነው» ይላሉ ራሳቸው። በመጨረሻ ችግኝ ሻጩ፣ «ይሄ በረሃ ይችላል» ሲላቸው ቦገንቪላውን ገዝተው አመጡ።

ባለፈው ዓመት ልጃቸው ደጋ ከተማ ላይ ወለደችና እናቷን ጠራች። «እማዬ፣ ደም ግፊት አለብሽ፣ ሙቀቱ አይሆንሽም፤ ከመጣሽ አይቀር እዚሁ ከእኛ ጋር ቅሪ» አለቻቸው። እትዬ እሺም እንቢም አላሉም። ሻንጣቸውን ይዘው ሲወጡ ደጃፉ ላይ ቆም ብለው አበባ የማያውቀውን ቁጥቋጦ አዩት።

«እንግዲህ ይሄ ነገርህ ሲያብብ ጥራኝ» አሉ እየሳቁ።

ጋሼ አልሳቁም። አውቶቡሱን ሸኝተን ስንመለስ፣ «ካላበበ አትመጣም ማለት ነው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ቀልዳቸውን እኮ ነው።»

«ይኸን ሁሉ ዘመን አብሬያት ኖሬ፣ የሷን ቀልድና ቁም ነገር የለየሁበት ቀን የለም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቦገንቪላው በሽተኛ፣ ጋሼ ሐኪም ሆኑ። የፍሪጅ ሰው የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ ማቀዝቀዝ። ፀሐይ እንዳያገኘው አሮጌ አንሶላ በእንጨት ወጥረው ጥላ ሠሩለት። ከተጣለ ፍሪጅ የነቀሉትን ማራገቢያ ገጠሙለት። ጠዋት ጠዋት ከበረዶ ፋብሪካው የሚያመጡትን በረዶ ሰባብረው ሥሩ ላይ ይከምሩለታል። እኛ ለብ ያለ ውሃ እየጠጣን እሱ በረዶ ይጠጣ ጀመር።

ተክሉም ውለታቸውን አልበላም፤ ወፈረ። ቅጠሉ ሰፋ፣ እሾሁ ረዘመ፤ አበባ ግን የለም። ከመንገዱ ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ፣ የዕድሜ እኩያቸው ናትና አትምራቸውም።

«በረዶ፣ ሰላጣ ነው እንዴ የተከልከው? ኮምጣጤ ላምጣ?»

«ተይ ባክሽ፤ ሊያብብ ነው።»

«የተዘጋው ጋራዥ አጥር ላይ ያለውን አላየኸውም? ጠብታ ውሃ የሚሰጠው ሳይኖር እሳት መስሏል።»

«እሱማ አሳዳጊ የበደለው ነው፤ ለአላፊ አግዳሚው የሚገለፍጥ። የእኔ ጨዋ ነው።»

«ጨዋነቱ በዛ» አለችና ወደ ስፌት መኪናዋ ዞረች።

እትዬ በስልክ ሲጠይቁ ጋሼ፣ «እምቡጥ ይዟል» ይላሉ። በሌላው ጊዜ ደግሞ፣ «እምቡጡ በርትቷል» ይላሉ። እኔም ላጽናናቸው ብዬ ስለዚያ እምቡጥ ግጥም ጻፍኩና አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ «ጥሩ ነው» አሉ። «በሌለ እምቡጥ መዋሸት በዲግሪ ደረጃ እንደሚሰጥ አላውቅም ነበር።»

እትዬ ስለ መመለስ አንድም ቀን አንሥተው አያውቁም። ስልኩ ሲዘጋ ጋሼ ወርክሾፑ ውስጥ ይቀመጡና ያልተበላሸ የፍሪጅ ኮምፕረሰር ይፈታሉ። ፈትተው ሲጨርሱ መልሰው ይገጥሙታል።

እንዲህ እንዳለን የበረዶ ፋብሪካው ዋና ሞተር ቀጥ አለ። በእኛ ሙቀት በረዶ ቆመ ማለት የዓሣ ነጋዴውም የሥጋ ሻጩም ሥራ ቆመ ማለት ነው። ጋሼን በመኪና መጥተው ወሰዷቸው፤ ሞተሩ እስኪነሣ እዚያው ማደር ነበረባቸው። በጥድፊያው ስልካቸውን እንኳ ረስተው፣ «ተክሉን አደራ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ በረዶውን ከየት ላምጣ?»

«እውነትሽን ነው» አሉ። «እንግዲህ ግጥምሽን አንብቢለት።»

በዚያው ሰሞን የአሸዋ ነፋስ ተነሥቶ አንሶላውን ቀደደው፤ ግማሹን ከልብስ ሰፊዋ ጣሪያ ላይ አወረድነው። ማራገቢያው አሸዋ ውጦ ቆመ። የቧንቧው ውሃም ጠፋ፤ የምትገኘው ውሃ ለሰው ብቻ ሆነች። ተክሉ ቅጠሉን ያረግፍ ጀመር። መርዶውን በምን ቃል እንደምነግራቸው ሳሰላስል፣ ከቅርንጫፎቹ ጫፍ ላይ ቀይ ነገር ታየኝ። ነፋስ ያመጣው ጨርቅ መሰለኝ። በማግስቱ ጨርቁ በዛ። ብዙም ሳይቆይ ደጃፋችን በሙሉ ነደደ። ለእትዬ ልደውል አስቤ ተውኩት፤ የምሥራቹ የጋሼ ነው።

ጋሼ ሞተሩን አስነሥተው፣ እስከ ክንዳቸው ግራሶ ተለቅልቀው የተመለሱ ዕለት፣ እትዬ ከአበባው ሥር ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ገና ከአውቶቡስ መውረዳቸው ነው። ጋሼ መጀመሪያ አበባውን አዩ፣ ቀጥሎ ሚስታቸውን፣ ከዚያ እንደገና አበባውን፤ የቱን ማመን እንዳለባቸው የጨነቃቸው ይመስሉ ነበር።

«ምን አድርገህለት ነው እንዲህ ያበበው?» አሉ እትዬ።

«ጥዬው ሄድኩ» አሉ ጋሼ።

ልብስ ሰፊዋ ከማዶ ሆና ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ ይህን ታሪክ ለደንበኛ ሁሉ ያወራሉ። «ስንት ዘመን የተዋጋሁት ሙቀት ለካ ለሚስቴ አበባ ዘመድ ኖሯል» ይላሉ። «ልጄንም እንዲህ ሳልነካካት ትቻት ቢሆን ሚኒስትር ትሆን ነበር።» ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን መዳሰስ ግን አልተዉም፤ እትዬ የከለከሏቸው በረዶውን ብቻ ነው። ከታሪኩ ሁሉ አብልጠው የሚወዷት፣ «አበባው ጠራት» የምትለዋን ነች። ለእትዬ ማን ደውሎ እንደነገራቸው የጠየቀ ደንበኛ ስለሌለ ነገሩ በዚያው አልፏል።

የሕይወት ታሪካቸውን ልጽፍ ብዬ በስንት ማመንታት ስጠይቃቸው፣ «ጻፊው፤ ከሞኝነቴ ምንም ሳታስቀሪ ጻፊው» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የፎቶውን ነገር ብቻ ተዪልኝ» አሉ።

የፎቶው ነገር የሆነው ወደ ፋብሪካው ከመሄዳቸው በፊት ነበር። እትዬ፣ «እስቲ በርትቷል ያልከውን እምቡጥ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ» አሏቸው። ጋሼ ከሱቅ የፕላስቲክ አበባ ገዝተው መጡ። የተገኘው ጽጌረዳ ብቻ ነው። አንገት አንገቱን ቆርጠው፣ ከተቃጠለ ሞተር በፈቱት ቀጭን የመዳብ ሽቦ፣ እሾሁ ጣታቸውን እየወጋ በየቅርንጫፉ አሰሩት። እኔ አነሣሁ፣ እሳቸው ላኩ፣ ከዚያ ሁሉንም ፈቱት። ከእትዬ ምንም መልስ አልመጣም።

እትዬ በተመለሱ ሰሞን ልብስ ስናሰጣ፣ «ማበቡን ማን ነገረዎት?» አልኳቸው።

«ማንም። ደጃፍ እስክደርስ አላወቅሁም» አሉ። «ያንን ፎቶ አይቼ ነው የመጣሁት። ጽጌረዳ በሽቦ ታስሮ። እሱ እኮ የመዳብ ሽቦውን ለወንድሙ እንኳ አያበድርም። እዚህ ድረስ ከጠበቀኝማ አልኩና ሻንጣዬን አነሣሁ።»

ጋሼ ሲፈቱ አንዷን ጽጌረዳ ረስተዋታል። ግንዱ አጠገብ፣ ከእሾሁ ጀርባ ነች። እትዬ አልፎ አልፎ አቧራዋን በሻሻቸው ጫፍ ይጠርጉላታል። ሌሎቹ ሲረግፉ እሷ እዚያው አለች።