ብርቱካኑን የሚያስቀምጠው ማን ነው

ባለፈው ጥቅምት እናቴ ካለችበት ከሽንፋ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ መኪናችን ተበላሽታ መንገድ ዳር ቆምን። ከጎናችን የሰሊጥ ማሳ ነበር። ግማሹ ታጭዶ ሂላ ሆኗል፤ ሂላ የምንለው እንዲደርቅ እርስ በርሱ ተደግፎ የቆመውን የሰሊጥ ነዶ ነው። የእርጥብ ሰሊጥ ሽታ ትንሽ ይመርራል፤ እጅ ላይ ከተጣበቀ በሳሙናም ቶሎ አይለቅም። ሙቀቱ አድክሞኝ ዓይኔን ጨፍኜ ሳሸተው ትዝ ያለኝ የእናቴ ማሳ ብቻ አልነበረም፤ አንድ የፍቅር ልብ ወለድም ትዝ አለኝ። ሰሊጥና ልብ ወለድ ምን አገናኛቸው ለምትሉ፣ እንደ ልማዴ ከመጀመሪያው ላስረዳ።

ሰባተኛ ክፍል የገባሁበት ዓመት ነበር። የደርግ ዘመን ሊያበቃ ወራት ብቻ ቀርተውት ነበር፤ እኛ ግን ያንን አናውቅም። አባቴን ወባ ከወሰደው ወዲህ ቤታችን ውስጥ እናቴና እኔ ብቻ ነበርን። ማሳው ግን አባቴ እንዳለ ያህል ይዘራል። ሰሊጥ ደግሞ እንደ ማሽላ ታጋሽ አይደለም። በደረሰ ጊዜ ካልታጨደ የፍሬው ከረጢት ከጫፉ ይከፈትና ነፋስ ባወዛወዘው ቁጥር ይረግፋል። መሬት ላይ የረገፈ ሰሊጥ ደግሞ አይለቀምም። ስለዚህ የዓመት ቀለባችንና የእኔ ትምህርት ከደጋ በሚወርዱ አጫጆች እጅ ላይ ነበር።

አጫጆቹ ደግሞ ነፋስ ናቸው። ዛሬ እዚህ ያጭዳሉ፤ ነገ ከሰፋፊዎቹ እርሻዎች ካሚዮን መጥቶ የተሻለ እንከፍላለን ሲላቸው ጥቅልላቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ይሄዳሉ። ማንም አይፈርድባቸውም፤ ከአገራቸው የወጡት ለዚያው ነው። እናቴ ግን ካሚዮን ሲያጓራ በሰማች ቁጥር እጇ ላይ ያለውን ነገር ታስቀምጥ ነበር።

ልብ ወለዱን የተወችልኝ ጎንደር የምትማረው የአክስቴ ልጅ ናት። ክረምቱን እኛ ዘንድ አሳልፋ ስትሄድ ረስታው ይሁን ሆን ብላ አላውቅም። ሽፋኑ ተገንጥሎ ስለነበር ርዕሱን እስከ ዛሬ አላውቀውም። ታሪኩ ቀላል ነው። ማርታ የምትባል ተማሪ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ክፍል ስትገባ ዴስኳ ውስጥ አንድ ብርቱካን ታገኛለች። የሚያስቀምጠውን ሰው አታውቅም። የሚጠረጠሩ ብዙ ናቸው፤ ኳስ ተጫዋቹ ዳንኤል አለ፣ ከኋላዋ ተቀምጦ ፀጉሯን እየጎተተ የሚያበሽቃት ዮናስ አለ፣ አዲሱ የሒሳብ መምህርም አለ። ከዚያ በፊት ያነበብኩት የመማሪያ መጽሐፍና ግድግዳ ላይ የተለጠፈ መፈክር ብቻ ስለነበር፣ ሰው ስለ ብርቱካን ብቻ ይህን ያህል መጻፉ ገርሞኝ ነበር።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ራኩባው ሥር፣ ማለትም በማሽላ አገዳ በተሠራችው ዳስ ውስጥ፣ አጫጆቹ ቂጣቸውን በልተው ጋደም ሲሉ እኔ ጥግ ይዤ አነብ ነበር። የአጫጆቹ አለቃ አያ ደምሌ ይባላሉ፤ ከጎጃም የመጡ፣ ጺማቸው የሸበተ ሰው ነበሩ።

“ምንድን ነው ብቻሽን የሚያስቅሽ?” አሉኝ።

“ልብ ወለድ ነው፣ አያ ደምሌ።”

“እንግዲያ ጮክ በይና እኛንም አስቂን። ወገባችን እንደሆነ አልቋል።”

እንዲህ ተጀመረ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቀትር ላይ ማንበብ ልማድ ሆነ። ክርክሩም አብሮ መጣ። አያ ደምሌ ልጅቷ ብርቱካኑን መብላቷን አልወደዱትም፤ “ሰጪው ያልታወቀ ነገር ይበላል? መስተፋቅር ቢሆንስ?” ይላሉ። ሰይድ የሚባል፣ ጢሙ ገና ያልበቀለ የወሎ ልጅ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነው ብሎ ድርቅ አለ።

“ወላሂ ዘበኛው ነው። ደወል ሳይደወል ክፍሉን የሚከፍት ሌላ ማን አለ?”

“ዘበኛውማ ሽማግሌ ነው ተብሎ ተነቧል፤ ተኝተህ ነበር እንዴ?” አሉት አያ ደምሌ።

“ሽማግሌ ልብ የለውም? እርስዎም እኮ ትናንት ውኃ ያመጣችዋን ሴትዮ ሲያዩ ማጭድዎ ወድቆ ነበር።”

ራኩባው በሳቅ ተናወጠ። አያ ደምሌ እንኳ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ሲስቁ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

እናቴ ማንበብም መጻፍም አትችልም፤ ልብ ወለዱንም “የሥራ ፈት ወሬ” እያለች ታልፈው ነበር። ነገር ግን ሰው የሚቆይበትን ነገር የማየት ዓይን ነበራት። በሦስተኛው ቀን ንባቡ ሲያበቃ መጽሐፉን ከእጄ ወስዳ ከማሽላ ዱቄቱ ማዳበሪያ ውስጥ ቀበረችው።

“ለምን?” አልኳት።

“ፊትሽ ምሥጢር አይችልም። ጨርሰሽው ከሆነ አጫጆቹ ዓይንሽን አይተው ያውቁታል። ቀትር ላይ እሰጥሻለሁ። ደግሞ አትሩጪ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢው።”

ስለዚህ መጽሐፉ ቀትር ቀትር ላይ ዱቄቱን እያራገፈ ይወጣል፤ አንድ ምዕራፍ ሳይሞላ ተመልሶ ይገባል። እኔም ቀጥሎ የሚሆነውን ለማወቅ የምራበው እንደ አጫጆቹ ነበር። ማሳው ከአንድ በኩል እየተራቆተ፣ መጽሐፉም ከአንድ በኩል እየሳሳ አብረው ሄዱ።

ካሚዮኑ የመጣው ከማሳው ሲሶው ገና ቆሞ ሳለ ነው። ከላይ የቆመው ሰውዬ የሚከፈለውን እየጠራ “ቦታ አለ፣ ቦታ አለ” ይላል። አጫጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንድ ሁለቱ ሄደው ተሳፈሩ። ሌሎቹም ጥቅልላቸውን ማሰር ጀመሩ። ሰይድ ቀድሟቸው ካሚዮኑ ላይ ወጥቶ ነበር። እናቴ የውኃውን ጀሪካን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ያልታጨደው ሰሊጥ ከታች በኩል ከረጢቱ መከፈት ጀምሯል፤ ያን ከእሷ በቀር ያየ አልነበረም።

አያ ደምሌ ወደኔ መጡ። ማፈራቸው ያስታውቅ ነበር። “ልጄ፣ መሄዳችን ነው መሰል። ብርቱካኑን የሚያስቀምጠው ማን ነው? እሱን ብቻ ንገሪንና እንሂድ” አሉኝ።

“እውነቴን ነው፣ አያ ደምሌ፣ አላውቅም።”

“መጽሐፉ ያንቺ አይደለም እንዴ?”

የመለሰችው እናቴ ናት። ድምጿ እንኳ ከፍ አላለም። “መጽሐፉ ዱቄት ውስጥ ነው። ሰሊጡ ሲያልቅ እሱም ያልቃል።”

አያ ደምሌ እናቴን አዩ፣ ማሳውን አዩ፣ ካሚዮኑን አዩ። ከዚያ ጥቅልላቸውን አወረዱና ተቀመጡበት። “አንቺ እታለም፣ ክፉ ሴት ነሽ” አሏት፤ ፈገግ ብለው ነው። እሳቸው ሲቀመጡ የቀሩትም ተቀመጡ። ካሚዮኑ ተነስቶ ጥቂት እንደሄደ ሰይድ ዘሎ ወረደ፤ ጉልበቱ ተልጦ እያነከሰ መጣ።

“ምነው ተመለስክ?” ሲሉት፣

“ያለ እኔ ልትሰሙት ነዋ” አለ።

በእርግጥ የያዛቸው ልብ ወለዱ ነበር ወይ ብዬ አሁን ራሴን እጠይቃለሁ። ባሏ የሞተባትን ሴት ሰሊጥ ጥሎ መሄድ ከብዷቸው ይሆናል። ድካሙም ይሆናል፤ ሌላ እርሻ ላይ እንደገና ከመጀመሪያው መጀመር ያደክማል። ምናልባትም ሁሉም ነው፤ መጽሐፉ ግን ለመቆየት የማያሳፍር ምክንያት ሆነላቸው።

የመጨረሻው ሂላ የቆመ ዕለት ቀትር ላይ ያው ራኩባው ሥር ተሰበሰብን፤ የቀረው አንድ ምዕራፍ ነበር። ማርታ ሰኞ ማለዳ ከሁሉም ቀድማ መጥታ ከጥቁር ሰሌዳው ጀርባ ተደብቃለች። በሩ ሲጢጥ ይላል። አንድ ገጽ እንደገለበጥኩ ማንኮራፋት ሰማሁ። ቀና ስል አያ ደምሌ አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል። ሰይድ ጭንቅላቱን ጥቅልሉ ላይ ጥሏል፤ እጁ ገና ማጭድ እንደጨበጠ ያህል ቆልመም ብሏል። ሁሉም እንደ ተጣለ ነዶ በያሉበት ወድቀዋል። መጽሐፉን ልከድን ስል ከበስተጀርባዬ የእናቴ ድምፅ መጣ።

“ከዚያስ? ማን ገባ?”

ለእናቴ ብቻ አነበብኩላት። ብርቱካኑን የሚያስቀምጠው ያ የሚያበሽቃት ዮናስ ነበር። እናቴ አባቴ ከሞተ ወዲህ ሰምቼው የማላውቀውን ሳቅ ሳቀች፤ እነሱን እንዳትቀሰቅስም አፏን በነጠላዋ ያዘች።

አመሻሹ ላይ በረድ ሲል ሒሳባቸውን ተቀብለው፣ ፊታቸውን ታጥበው ለመሄድ ተነሱ። ያን ጊዜ ነው ሰይድ ግንባሩን የመታው። “ኧረ ተኛን። ማን ሆነ? ዘበኛው ነው አይደል?”

አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ። “ለከርሞ ስትመጡ ትሰሙታላችሁ።”

አያ ደምሌ ሳቁ። “ክፉ ሴት ነሽ ብዬሽ አልነበረም? እንመጣለን” አሏት። እየተከራከሩ ወደ ገለጉ ከተማ በሚወስደው መንገድ ሄዱ፤ ከታጨደው ማሳ ማዶም የሰይድ ድምፅ ለረጅም ጊዜ ይሰማ ነበር።

ለከርሞ አልመጡም። በመካከሉ መንግሥት ተለውጦ፣ መንገዱም ሰዉም ሌላ ሆኖ ነበር። ሌሎች አጫጆች መጡ፤ ስለ ማርታ የጠየቀን ግን የለም።

አሁን እኔ አስተማሪ ነኝ፤ የምፈልገው መጽሐፍ ጎንደር ስሄድ አይጠፋም። ማታ አልጋዬ ላይ ሁለት ገጽ ሳልጨርስ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ ቀጥሎ ምን ሆነ የሚል ስለሌለም ጀምሬ የተውኳቸው ብዙ ናቸው። የዛሬ አጫጆችም ቀትር ላይ ጥላ ሥር ሲያርፉ እያንዳንዱ ትንሿን ራዲዮውን ጆሮው ሥር አድርጎ ይተኛል። እናቴ አርጅታለች፤ አጨዳ ሲደርስ ግን ከጎጃም የመጣ ሰው ባየች ቁጥር አያ ደምሌ የሚባሉ ሽማግሌ ያውቅ እንደሆነ ትጠይቃለች። አንዱም አያውቃቸውም።

በቀደም ቤት ሄጄ ደጃፉ ላይ ተቀምጠን ነበር። ሁለታችንም ደክሞን ነበር። ድንገት ያለ ምንም መነሻ፣ “ለዚያ ያህል ደክመውልኝ፣ ብነግራቸው ምን ነበረበት?” አለችኝ።