በታደሰ ስም የጻፍኳቸው ደብዳቤዎች

ትናንት ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ ወይዘሮ አስካለ ስልክ በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ይዛ መጣች። ስልኩ የልጇ ነው። ልጇን ከቀበርን ገና ዘጠነኛ ቀናችን ነው። አብሮ አደጉ ኖርዌይ ይኖራል፤ በየቀኑ ይደውላል፤ የሚያነሳለት የለም።

«ጋሼ ግርማ፣ እርስዎ ያነጋግሩልኝ» አለችኝ። «አሞታል፣ ድምፁ ተዘግቷል ይበሉት። ሰው አገር ብቻውን እንዴት ይስማው?»

እጄን ዘረጋሁና መለስኩት። ይህንኑ ቃል ከስልሳ ዓመት በፊት፣ እዚሁ አሰላ፣ ከእናቴ አፍ ሰምቼዋለሁ።

ወንድሜ ታደሰ በአምስት ዓመት ይበልጠኝ ነበር። አባታችን ሲሞት ትምህርቱን ትቶ ገብስ ነጋዴ ሆነ፤ ዳማ በሚባለው ፈረሱ ከጢቾ እስከ አርቦዬ ያልረገጠው ገበያ አልነበረም። ጓደኛው ከማል የባለሱቁ የጋሽ አህመድ ልጅ ነው። ሁለቱ ካልተሰዳደቡ የተገናኙ አይመስላቸውም። ከማል ለትምህርት ወደ ቤይሩት የሄደ ቀን ታደሰ በዳማ ላይ ሆኖ አውቶቡሱን እስከ ከተማው መውጫ ሸኘው። በመስኮቱ በኩል «አንተ ከሲታ፣ ወፍረህ ካልመጣህ አላውቅህም» ይለው ነበር። ከማልም አንገቱን አውጥቶ፣ «አንተን ሳይሆን ፈረሱን ነው የምናፍቀው» አለው።

ደብዳቤያቸውም እንደ ወሬያቸው ነበር። ታደሰ መጻፍ ይሰለቸዋል፤ ግን የገብስ ጆንያ ላይ ተደግፎ ግማሽ ገጽ ይሞነጫጭራል፣ በየወሩ።

ከዚያ በኅዳር፣ አጨዳው ሲያልቅ፣ ወደ ቆላው ወረደ። በንዳድ ተይዞ፣ ዳማ ላይ ታስሮ መጣ። በስድስተኛው ቀን ሞተ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ስለ እነዚያ ስድስት ቀናት ልጽፍ አስቤ ነበር። አልችልም።

አርባው በወጣ ሳምንት የከማል ደብዳቤ ደረሰ። ለእናቴ አነበብኩላት። «መርዶ በወረቀት አይላክም» አለች። «ሰው አገር ብቻውን እንዴት ይስማው? ማን ይደግፈዋል? በታደሰ ስም ጻፍለት። ሲመጣ ሽማግሌ ሄዶ ያረዳዋል።» ጋሽ አህመድም ተስማሙ። ልጄ ትምህርቱን ጥሎ ይመጣል ብለው ፈርተዋል።

ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ጻፍኩ። ስለ ዝናቡ፣ ገብሱን ስለመታው ውርጭ፣ ስለ ዳማ። ከታች «ታደሰ» ብዬ ስፈርም ብርድ ብርድ አለኝ። ሁለተኛው ላይ ግን ያን ያህል አልከበደኝም። እንዲያውም ስጽፍ ወንድሜ ጆንያው ላይ ተደግፎ የሚያየኝ እየመሰለኝ መጣ።

በዓመቱ ከማል፣ «የአንተንና የዳማን ፎቶግራፍ ላክልኝ» አለ። ለመስቀል ፎቶ አንሺ መጥቶ ስለነበር ዳማን ይዤ ራሴ ተነሳሁ። «እኔ ጢቾ ነበርኩ፣ ግርማ ተተክቶልኛል» ብዬ ላክሁለት። በብልሃቴ ኮራሁ።

ከዚያ በኋላ ከማል ስለ እኔ መጠየቅ አበዛ። «ግርማ ሒሳብ እንዴት ይዞታል? አትቆጣው።» እኔም በታደሰ ስም ስለ ራሴ እመልሳለሁ። አንድ ጊዜ «ለግርማ ስጠው» ብሎ የሒሳብ መጽሐፍ ላከ። ሁለት ዓመት እንዲህ ተጻጻፍን።

ከማል ተመርቆ የመጣ ዕለት ቤተሰቡ «ታደሰ አርቦዬ ነው» ብሎ አሳደረው። ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎቹ ገቡ፤ እናቴና እኔ ከኋላ ነበርን። «ልጄ፣ ወንድምህ ታደሰ ከተለየን ሦስት ዓመት ሆነው» አሉት። ወደቀ። እንዲያ ሲያለቅስ ሰው አይቼ አላውቅም። እናቴን አቅፎ ቀኑን ሙሉ አልተነሳም።

በሦስተኛው ቀን «ዳማን አሳየኝ» አለኝና ወደ ገብሱ ማሳ ወጣን። መንገድ ላይ ከኮት ኪሱ ፎቶግራፉን አወጣ። ጠርዙ አልቋል።

«እዚህ ላይ እማማ የት አሉ?» አለኝ።

አየሁት። እኔና ዳማ ነን። ጣቱን ጥግ ላይ አሳረፈ። እናቴ በሩ ላይ ቆማለች፤ ጸጉሯን ተላጭታ፣ ጥቁር ለብሳ። ዓመት ሙሉ ስላየኋት ጥቁሩ አይታየኝም ነበር።

«አባታችሁ ያረፉት እኔ ሳልሄድ ነው» አለ። «አንተ ፈረሱን ይዘሃል። ታዲያ ማን ቀረ?»

ባለሁበት ቆምኩ። «ታውቅ ነበር?» አልኩት። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም።

«ቀድሞም ጠርጥሬያለሁ። ታደሰ በዕድሜው ጤናህ እንዴት ነው ብሎኝ አያውቅም፤ አንተ ገጽ ሙሉ ጤና ትጠይቃለህ።» ሊስቅ ሞከረ። አልሆነለትም።

«ታዲያ ለምን ጻፍክ?»

«መልስ ይመጣ ነበራ።» ትንሽ ሄድን። «መርዶ ላልተነገረው ሰው ለቅሶ የለውም። አብረውኝ የሚማሩት ልጆች ምን ሆንክ ሲሉኝ ምን ልበል? መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ ውሃውን ከፍቼ ነበር የማለቅሰው። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው አጠገቤ ቢኖር በቃኝ ነበር።»

ብቻውን እንዳያለቅስ ብለን የዋሸነው ሰው ሁለት ዓመት ብቻውን አልቅሷል። ስለ ሒሳቤ እየጠየቀ። ከማልም ዛሬ የለም፤ ያ ድንጋጤ ግን ከእኔ ጋር አርጅቷል።

ይህን ለወይዘሮ አስካለ ነግሬያት ሳልጨርስ ስልኩ ጮኸ። አየችኝ። ከዚያ ሰጠችኝ።

«ልጄ፣ ጋሽ ግርማ ነኝ፣ የነአስካለ ጎረቤት። አጠገብህ ያገር ሰው አለ?»

«የለም ጋሼ። ፎቅ ላይ አንድ ሐበሻ አለ። ምነው?»

«እሱ ጋ ውጣ። ስልኩን አልዘጋውም።»

ደረጃውን ሲወጣ ኮቴው ይሰማን ነበር፤ መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ፣ ኋላ ቀስ እያለ። ወይዘሮ አስካለ እጄን ያዘች።