የአያ ልየው ትንፋሽ

ልጅ ሳለሁ፣ በወባ ትኩሳት ተይዤ በተኛሁበት፣ አንድ ሰው በላኝ ብዬ ስሙን ጠርቻለሁ። አልበላኝም ነበር። ዛሬ አርባ ዓመት አልፎኛል፤ ያን ስም ያወጣው አፍ ግን አሁንም የእኔው ነው።

የጠራሁት የአያ ልየውን ስም ነበር። ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ፣ ወደ ወንዙ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ከአባታቸው የወረሷት የብረት መቀጥቀጫ ዳስ ነበረቻቸው። ጉልምስናቸውን የጨረሱት ግን በባሕር ላይ፣ በባዕድ የጭነት መርከብ ሲሠሩ ነው። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ አንድ ሻንጣ ይዘው ተመለሱ፤ ሌላ ሥራ ስላጡም የአባታቸውን ወናፍ አነሡ። አራሹ ሁሉ ለማረሻው ይፈልጋቸዋል፣ ቤታቸው የሚገባ ግን አልነበረም። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ሰው ይበላል ይባል ነበርና እናቴ የአባቴን ማረሻ አሸክማ ስትልከኝ ክታቤን ከቀሚሴ በላይ አውጥታ፣ ዓይን ዓይኑን እንዳላይ፣ የሰጠኝንም እንዳልቀምስ ታስጠነቅቀኝ ነበር።

እኔ ግን አየኋቸው። ያኔ ከትምህርት ቤት መልስ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ አምስት ስድስት ልጆች ከቤት ተደብቀን ዳሳቸው ውስጥ እንሰበሰብና ወናፉን በተራ እንነፋ ነበር። የከሰሉ ጭስ ዓይናችንን ያስነባናል፣ ፍሙ በወናፉ ልክ ይቀላል፣ መልሶ ይደበዝዛል፣ ምሰሶው ላይ የተንጠለጠለችው ኩራዝ ትወዛወዛለች፤ እሳቸውም ብረቱ እስኪግል ድረስ ኒውዚላንድ ስለምትባል የደሴት አገር ያወሩልናል። ከዚህ ቡሬ ሁለት መቶ ጊዜ ደርሳችሁ ብትመለሱ እንኳ አትደርሱባትም፣ ያውም ውኃ ለውኃ፣ ይሉን ነበር። ከሰው በግ የሚበዛባት፣ ውኃው ሳይጥዱት ከመሬት እየፈላ የሚወጣባት፣ ሥጋው በጋለ ድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ የሚበስልባት አገር ናት።

እንቁላል የመሰለ ኳስም አላቸው። በእጅ ይዘውት ይሮጣሉ፤ ለጓደኛ ሲያቀብሉ ግን ወደ ኋላ እንጂ ወደ ፊት መወርወር ክልክል ነው። ከመካከላችን ነገረኛው ሞገስ፣ «ታዲያ በስንት ቀን ይደርሳሉ?» ብሎ ጠየቀ።

«እየተቀባበሉ ነዋ» አሉት። «ብቻውን የሚደርስ የለም።»

ከጨዋታው በፊት ማኦሪ የሚባሉት የደሴቲቱ ቀደምት ሰዎች የሚያሳዩትንም መዶሻቸውን አስቀምጠው አሳዩን፦ ጭናቸውን እየመቱ፣ መሬቱን እየረገጡ፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው ምላሳቸውን እስከ አገጫቸው አወጡ። በሳቅ ወደቅን። «ምን ያስቃችኋል? የእኛው ፉከራ ነው፤ ምላስ ተጨመረበት እንጂ» አሉን።

ደጋግመን የምናስተርካቸው ግን የአንዱን ቤት ነገር ነበር። መርከባቸው ተበላሽታ ሁለት ወር ስትቆም፣ ወደቡ ላይ የሚሠራ አንድ ማኦሪ ወገኖቹ ወደሚሰበሰቡበት ትልቅ ቤት ወሰዳቸው። እዚያ እንግዳ ከስሙ በፊት ተራራውን፣ ወንዙንና አባቶቹን ይናገራል።

«ተራራዬ ግሽ ነው፣ ወንዜ ዓባይ ነው አልኩ» ይሉናል አያ ልየው። «አባቴ ላይ ስደርስ ምላሴ ተያዘ። በየመርከቡ የገበሬ ልጅ ነኝ እያልኩ ነበር የኖርኩት። ያን ቀን ግን አባቴ ቀጥቃጭ ነው አልኩ። ሽማግሌው ተነሣና ግንባሩን ከግንባሬ፣ አፍንጫውን ከአፍንጫዬ ገጥሞ ትንፋሼን ሳበው። ሰላምታቸው ነው። ልጆቼ፣ በአገሬ ትንፋሼን የሚሸሽ እንጂ የሚጋራኝ ሰው አላየሁም።»

መስከረም መገባደጃ ላይ፣ ሌሎቹ ልጆች ከሄዱ በኋላ፣ እኔንም እንደዚያ ሰላም እንዲሉኝ ለመንኳቸው። እናትሽ ብታይስ ብለው እንቢ አሉ። አጥብቄ ስይዛቸው ጎንበስ አሉና ግንባራቸውን አስነኩኝ፤ አፍንጫችን ተገናኘ። ከሰልና ብረት ይሸቱ ነበር። ሲቃኑ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ አየሁ፤ ጭሱ መስሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ወባ ጣለኝ። በየዓመቱ በዚያ ወቅት ግማሹን ሰፈር ትጥል ነበር፤ እናቴና አክስቴ ግን ማረሻውን ማን እንዳመላለሰ አስታወሱ። በእኛ ዘንድ ተበላ የተባለ በሽተኛ ይታጠናል፤ የሚከረፋ ነገር ከአፍንጫው ሥር እየጤሰ፣ የበላው ሰው በበሽተኛው አፍ ስሙን እስኪናገር ድረስ ይጠየቃል። ጋቢ ደፍተውብኝ አጤሱብኝ። አክስቴ «ማነህ? ተናገር፤ በየት ገባህባት?» እያለች ትጮኻለች። ትንፋሼ ቆመ። ጭሱ የሚነሣው ስም ሲወጣ እንደሆነ በጎረቤት ቤት አይቻለሁ። የሚፈልጉት ስም የማን እንደሆነም አውቃለሁ።

«ልየው ነኝ» አልኩ። «በአፍንጫዋ ገባሁ።»

ጭሱ ወዲያው ተነሣልኝ። አየር ሳብኩ።

ስሙ የተጠራ ሰው መጥቶ በሽተኛው ላይ እንትፍ ማለት አለበት፤ ሁለት ጎረምሶች ግራና ቀኝ ይዘው አመጧቸው። ማረሻ ሲያሠራ አያ ልየው ይላቸው የነበረው አባቴ «አንተ፣ እንትፍ በልላት» አላቸው። እሳቸው ግን ወደ እኔ አዩ።

«ይታይሽ፣ አንች ነሽ ያልሽው?»

ውሸቴን ነው ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃኝ ነበር። ጋቢውን ወደ ፊቴ ሳብኩት። ከጋቢው ሥር ሆኜ፣ በደረቀ አፍ፣ ምራቅ የሌለው እንትፍታ ሦስት ጊዜ ሰማሁ።

በማግሥቱ አባቴ ከክሊኒክ ክኒን አመጣ፤ በአምስተኛው ቀን ተነሣሁ። አገሩ ግን እንትፍታው አዳናት አለ። መዳኔ መሰከረባቸው። ማረሻው ሁሉ ወደ ማንኩሳ መላክ ጀመረ፣ ልጆች ወደ ዳሱ እንዳይደርሱ ተከለከሉ፣ ወናፉ ዝም አለ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ትምህርት ቤት ስሄድ መናኸሪያው በር ላይ ያችን ሻንጣ ይዘው ቆመው አየኋቸው። አዩኝና ግንባራቸውን ዝቅ አደረጉልኝ፤ ትንሽ፣ ከሩቅ። እኔ ምን አደረግሁ? አጠገቤ የነበሩት ሴቶች እንዳደረጉት አፍንጫዬን በነጠላዬ ጫፍ ሸፈንኩ። ረዳቱ ቡሬ፣ ቡሬ እያለ ይጣራል። ገቡ።

ደምበጫ አስተማሪ ሆኜ ሳለሁ፣ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑ የዚያችን ደሴት ተጫዋቾች ሲያሳይ፣ ምላሳቸውን አውጥተው መሬቱን ረገጡ። ቤቱ ሳቀ። ቀጥሎ ሁለት ሽማግሎች ግንባርና አፍንጫ ሲገጥሙ ታዩ። የያዝኩትን ጉርሻ ትሪው ላይ መለስኩት። በሳምንቱ ቡሬ ወርጄ ጠየቅሁ። ቁልፍ ሲጠግኑ ኖረው ከሞቱ ዓመታት እንዳለፉ አከራያቸው ነገረችኝ። አገራቸው የት እንደሆነ እንኳ አታውቅም፤ ጠይቃቸው አታውቅም።

እናቴ ሳትሞት እውነቱን ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ «ታዲያ በምን ዳንሽ?» አለችኝ። በክኒኑ ነው ብላት አልሰማችኝም። የዳሱ ቦታ ላይ እስከ ዛሬ ቤት የሚሠራ የለም። ለተማሪዎቼም ነግሬያቸው ነበር፤ በማግሥቱ አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ እናቴ ስለ እርስዎ፣ እሷ ራሷ የተበላች ናት፣ አትስሚያት አለችኝ» አለች። ከዚያ ወዲህ በቃሌ አላወራሁትም። በአንድ ትንፋሽ ያወጣሁትን ስም በሠላሳ ዓመት ልመልሰው አልቻልኩም።

የቀረኝ ይህ ነው፦ ተራራቸው ግሽ፣ ወንዛቸው ዓባይ፣ አባታቸው ቀጥቃጭ። ሰው አልበሉም። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት እሳቸው ነበሩ፣ የሉም። ይህን ያነበባችሁ፣ እባካችሁ፣ እናንተ ይቅር በሉኝ።