ጽጌረዳ የደፋችው ላም

በሸለቆው ደንብ፣ ላሞች ከተራራው ግጦሽ አበባ ደፍተው ይወርዳሉ፤ ሐዘን የገባበት ቤት ግን ያለ አበባ ያወርዳቸዋል። ስሙን የማታውቀው ሽማግሌም በየመስከረሙ እንዲያ ሲያልፍ ቬሬና ታየዋለች። እሷም ባሏን ከቀበረች ጀምሮ ጥቁር አላወለቀችም።

ዘንድሮ ተዘግተው የከረሙት ቤቶች ተከፍተዋል፤ ትምህርት ቤቱም ልጆች አግኝቷል። ሽማግሌው ያው የተጣፈ ኮቱን ለብሷል፤ መሪዋ ላም ግን የወረቀት ጽጌረዳ አክሊል አጋድላ ደፍታለች።

«አባባ፣ ሙሽራዋን ለማን ዳሯት?» አለ ዳቦ ጋጋሪው።

«አንተ ዳቦህን ጠብቅ፤ ርቧታል!»

ቬሬና አጠገብ ሲደርስ ቆመና ጥቁር ካፖርቷን አየ። ከላሟ አክሊል አንዲት ጽጌረዳ ነቅሎ ሰጣት።

«እትዬ፣ እኔስ ሐዘኑን አበዛሁት። ላሞቹ እንኳ ሰልችቷቸው ነበር።»

ደረቷ ላይ ሰካቻት። ላሟ አበባዋን ልትነጥቃት አንገቷን ስታሰግግ፣ ቬሬና በሁለት እጇ ከልላ ሳቀች።